ማስኩ ለማን ነው? ለሕፃኗ ወይስ ለአያቷ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 7 ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል ገብቷል። መካከለኛው 4 ዓመቱ ነው፣ ኬጂ ይማራል። ትንሿ 8 ወሯ ነው። ሰሞኑን ኬጂው ውስጥ ሳል ስለበዛ ከሰኞ ጀምሮ ማስክ ያላደረገ ልጅ አይገባም የሚል ወረቀት ላኩልን። አንድ ደርዘን የጨርቅ ማስክ ገዛሁ። ልጁ ግን አምስት ደቂቃ አይቆይም፣ ያወልቀዋል። አንድ ቀን ጭራሽ የጓደኛውን ማስክ አድርጎ መጣ። ጎረቤቴ ደግሞ ኩፍኝ ገብቷል ይባላል፣ አቧራውም አለ፣ ታክሲ ስትሳፈሪ ለሕፃኗም አድርጊላት ትለኛለች። ወንድሜ በበኩሉ ማስክ ኦክስጅን ያሳጥራል፣ ለልጅ እንዳታስቢው ይላል። ሥራ ስሄድ ሕፃኗን የሚይዙልኝ አማቴ ናቸው። ለፋሲካ ከገጠር መጥተው እዚሁ ቀሩ። እሳቸውንም ከመጡ ጀምሮ ያስላቸዋል፣ ከወር በላይ ሆነ፣ የአየር ለውጥ ነው ብለን ትተነዋል። ለልጆቼ ማስክ ላድርግላቸው ወይስ ይቅርብኝ?»

ምላሽ፦ ለ8 ወሯ ሕፃን በፍጹም ማስክ አይደረግላትም። ታክሲ ውስጥም፣ ቤትም፣ ጤና ጣቢያም። ለ4 ዓመቱ ልጅ ግዴታ ሊሆን አይገባም። ለ7 ዓመቱ በአንዳንድ ቦታ ይጠቅመዋል። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ቤትዎ ውስጥ ማስክ ማድረግ ያለባቸው ግን አማትዎ ናቸው። በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ያነሱት የእሳቸው ሳል ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ማስክ ምን እንደሚሠራ እንግባባ። ብዙ ሰው ማስክን እንደ ጋሻ ነው የሚያየው። ያደረገው ሰው ከውጭ ከሚመጣ በሽታ ይጠበቃል ብሎ ያምናል። በከፊል እውነት ነው። ትልቁ ሥራው ግን የታመመው ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስና ሲያወራ የሚወጣውን እርጥበት እዚያው ማስቀረት ነው። ትልልቁ ፍንጣሪ አንድ ሁለት ሜትር ሄዶ ይወድቃል። ደቃቁ ግን አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቶሎ አይጠፋም።

እናንተ ብሎክ ላይ አንድ ቤት በርበሬ ሲታመስ ምን እንደሚሆን ያውቁታል። ደረጃው ሙሉ ያስነጥሳል። ያኔ ማንም እናት ለየልጇ አፍንጫ ጨርቅ አታስርም። በርበሬው የሚታመስበት ቤት መስኮቱን ይከፍታል፣ ምጣዱም ይወርዳል። ሳልም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ከምንጩ ይያዛል። ከዚያ አየሩ እንዲወጣ ይደረጋል። የቀረውን ሰው አፍንጫ መሸፈን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። የኬጂውም፣ የጎረቤትዎም ምክር ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል።

የተለያየ ምክር የሚሰሙበትም ምክንያት አለው። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ምክር ተነገረ፤ ግማሹ አሁንም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ስለ ልጆች ለይተው ምክር ያወጡት ነሐሴ 2012 ዓ.ም ላይ ነበር። 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ማስክ አድርግ ተብሎ አይገደድ አሉ። ከ6 እስከ 11 ዓመት ያለው ግን እንደ ሁኔታው ይታያል። በሽታው በአካባቢው ተስፋፍቷል ወይ? ልጁ በትክክል ማድረግ ይችላል ወይ? የሚከታተለው አዋቂ አለ ወይ? ቤት ውስጥ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ አብሮት ይኖራል ወይ? እነዚህ ይጠየቃሉ። ከ12 ዓመት ጀምሮ እንደ አዋቂ ነው። በአሜሪካ የተሰጠው ምክር ደግሞ ከ2 ዓመት ይጀምር ነበር። ግራ መጋባቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም የሚስማሙበት ግን አለ፤ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማስክ የለም።

ልብ ይበሉ፣ ይህ ሁሉ የተባለው በወረርሽኝ መካከል ነው። በዚያ ጊዜ እንኳን ለ4 ዓመት ልጅ ግዴታ ያልተደረገ ነገር፣ ዛሬ ለተለመደ ጉንፋን ግዴታ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ኦክስጅንን በተመለከተ ወንድምዎ ተሳስቷል። ኦክስጅን ከጨርቅ ቀዳዳ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደቃቅ ነው። የምናስወጣው የተቃጠለ አየርም እንደዚያው። በጨርቁ ያልፋል፣ በጎንና በጎኑም ይወጣል። ጤነኛ ልጅ ማስክ አድርጎ ሲማር ቢውል በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን አይወርድበትም። የቀዶ ጥገና ሐኪሞችና ነርሶች ለሰዓታት አድርገው ቆመው ይሠራሉ። ስለዚህ 7 ዓመቱ ልጅዎ ማስክ ሲያደርግ በዚህ ምክንያት አይስጉ። ለሕፃኗ አይደረግ ማለቱ ግን ልክ ነው። ምክንያቱ ብቻ ሌላ ነው።

የ8 ወር ሕፃን የመተንፈሻ ቧንቧ ጠባብ ነው። ምራቋ ሲፈስ ጨርቁ ይረጥባል፣ የረጠበ ጨርቅ ደግሞ ፊት ላይ ይለጠፋል። ቢጨንቃት በእጇ ልታወልቀው አትችልም። ብታስመልስ ትውከቱ ተመልሶ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ክሩ አንገቷ ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊቷ አይታይዎትም። ከንፈሯ ቢጠቁር፣ አፍንጫዋ እየተርገበገበ ብትተነፍስ በጊዜ አያዩትም። ይህን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ እናቶች ለብርድም ለዓይንም ብለው የሕፃኑን ፊት በነጠላ ወይም በወፍራም ሻሽ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። አዝለው እስኪወርዱ ድረስ ፊቱን ማንም አያየውም። አደጋው ከማስኩ ጋር አንድ ነው። ጭንቅላቷን ይሸፍኑላት፣ ፊቷ ግን ክፍት ይሁን።

ታክሲ ውስጥ ለሕፃኗ የሚሻለው መስኮት ዳር መቀመጥ ነው። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ይክፈቱ። ፊቷ ወደ ደረትዎ እንዲዞር አድርገው ይቀፏት፣ አፍንጫዋ ግን አይታፈን። አጠገብዎ የሚያስለው ሰው ካለ ቦታ ይቀይሩ። እርስዎ ራስዎ ጉንፋን ሲይዝዎ ደግሞ ማስኩ የእርስዎ ነው። አድርገው ጡት ያጥቧት። እጅዎን በሳሙና ታጥበው፣ ማስክ አድርገው ማጥባትዎን ይቀጥሉ። ጉንፋን ጡት ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም በወተቱ ውስጥ የሚያልፈው መከላከያ ይጠቅማታል።

ወደ 4 ዓመቱ ልጅ ልምጣ። የጓደኛውን ማስክ አድርጎ መምጣቱ ከክፋት አይደለም፣ ባለጌም አያሰኘውም። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ እንደዚያ ነው። ማስኩን ይነካካል፣ አገጩ ላይ ያወርዳል፣ መሬት ላይ ጥሎ ያነሳዋል፣ ሰማያዊውን በቀዩ ይለዋወጣል። በአፍንጫ ፈሳሽ የረጠበ ማስክ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዞር በሽታን ያግዛል እንጂ አያግድም። በዚያ ላይ ይህ ዕድሜ ቋንቋ የሚለመድበት ነው። ፊደል ሲቆጥር የመምህሯን አፍ እያየ ነው ድምፁን የሚይዘው። መስማት የሚቸገር ልጅ ክፍል ውስጥ ካለ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። በትንንሽ ልጆች ላይ ማስክ ምን ያህል ሳል እንደሚቀንስ የሚያሳየው ማስረጃ ጠንካራ አይደለም። ዋናው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጥቅሙ የሚመጣው በትክክል ሲደረግ ነው፣ እነሱ ደግሞ በትክክል አያደርጉትም።

ይህ ማለት የ4 ዓመት ልጅ ማስክ ቢያደርግ ይጎዳል ማለት አይደለም። እያሳለው ጤና ጣቢያ ይዘውት ሲሄዱና ሰው የበዛበት ወረፋ ላይ ሲቀመጡ፣ እሺ ካለ ለዚያች አጭር ጊዜ ያድርግ። እርስዎ አጠገቡ ነዎት፣ ያዩታል። እምቢ ካለ አይታገሉት። ሲተኛ፣ ሲበላና ሲሮጥ ግን አይደረግም።

ትምህርት ቤቱን ያነጋግሩ። ብቻዎን ከሚሄዱ ሌሎች ሁለት ሦስት ወላጆችን ይዘው ቢሄዱ ይሻላል። ኃላፊዋ ክፉ አስባ አይደለም ወረቀቱን የላከችው፤ ወላጅ ሲጨነቅ አንድ ነገር ማድረግ ስላለባት ነው። የሚጠይቁት ይህን ይሁን፦ የክፍሉ መስኮቶች በሁለቱም በኩል ይከፈቱ፣ ቢያንስ በየዕረፍቱ ሙሉ በሙሉ። የምታስል መምህርት ወይም ሞግዚት ማስክ ታድርግ። መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ሳሙና ይኑር። ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ከታች ቧንቧ ያለው ጀሪካን ተሞልቶ ይቀመጥ። ትኩሳት ያለው ልጅ ደግሞ ቤቱ ይዋል። ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ከጠፋ፣ ከበላና ከተጫወተ ይመለስ። የቀረችው ሳል ሁለት ሳምንት ልትቆይ ትችላለች፤ በእሷ ምክንያት ልጅ ከትምህርት አይቀርም።

ትኩሳት ያለውን ልጅ ቤት ማዋል ለመናገር ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ከኮዬ ፈጬ ተነስታ ቦሌ ወይም መርካቶ የምትሠራ እናት በጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ከቤት ወጥታ ልጇን ለማን ትሰጣለች? ለዚህ ነው የታመሙ ልጆች ሽሮፕ ተሰጥቷቸው ክፍል የሚገቡት። ወላጆቹን አልወቅስም። ይልቅ ከፎቁ ጎረቤቶች ጋር ቀድመው ቢነጋገሩበት መልካም ነው። ልጅ ሲታመም ማን ቤት ይውላል የሚለው ሳይታመሙ የሚታሰብ ነገር ነው።

ለ7 ዓመቱ ልጅ ማስኩን የምመክርበት አንድ ቦታ የትምህርት ቤት ሰርቪሱ ነው። ልጆች ተጨናንቀው፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ጉንፋን በበዛበት ሰሞን እዚያ ውስጥ ያድርግ። ራሱ ሲያስለው ደግሞ ክፍልም ውስጥ ያድርግ። የገዟቸው የጨርቅ ማስኮች ለእሱ ይሁኑ። ሦስት ድርብ ቢሆን ይመረጣል። አፍንጫውንና አገጩን ይሸፍን፣ ዓይኑን አይንካው። ሁለት ይያዝ፤ አንዱ ሲረጥብ ይቀይራል። ስሙን በክር ይጥለፉበት። በየማታው በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ኤን-95 የሚባለውን አይግዙለት። ለአዋቂ ፊት የተሠራ ነው፤ በልጅ ፊት ላይ በጎን ክፍት ስለሚሆን የተባለለትን ሥራ አይሠራም። አስም ያለበት ልጅ በደህናው ጊዜ ማስክ ማድረግ ይችላል፣ ሲያፍነው ግን ያውልቅ። ካንሰር የሚታከም ወይም የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ልጅ ካለ ደግሞ የእኔን ጠቅላላ ምክር ይተዉና የሚከታተለው ሐኪም የሚለውን ይከተሉ።

ኩፍኝን ከዚህ ሁሉ ለይተው ይዩት። ከማውቃቸው በሽታዎች በሙሉ እንደ ኩፍኝ የሚተላለፍ የለም። ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት አየሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። ሽፍታው ሊወጣ 4 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ይተላለፋል፤ ማለትም ኩፍኝ መሆኑን ማንም ሳያውቅ። ክትባት በሌለበት አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል። ይህን በጨርቅ ማስክ እከላከላለሁ ማለት ዘበት ነው። መከላከያው ክትባት ነው። በአገራችን መጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል፣ በነጻ። ሁለተኛውን ብዙ እናት ትረሳዋለች፤ ልጁ አድጓል፣ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል። የሁለቱን ወንድ ልጆች ካርድ ዛሬውኑ አውጥተው ይዩ። የጎደለ ካለ አሁንም ይሰጣል። የእርስዎ ልጅ 8 ወሯ ስለሆነ ቀጠሮዋ ደርሷል። በአካባቢው ኩፍኝ መኖሩ ከተረጋገጠ ከ6 ወር ጀምሮ ላሉ ሕፃናት ተጨማሪ ክትባት ሊሰጥ ስለሚችል ጤና ጣቢያውን ይጠይቁ። ያም ቢሆን የ9 ወሩ አይቀርም።

አሁን ስለ መስኮት። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት ከኋላ «ዝጋው፣ ብርድ ይገባል» የሚል ድምፅ ይመጣል። ልጅ የያዘች እናት ካለች ደግሞ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይዘጋል። ለልጁ አዝነው ነው። ግን ጉንፋን የሚያሲዘው ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ የሚመጣው ከተዘጋው መኪና ውስጥ ካሉት አፍና አፍንጫዎች ነው። ንፋሱ ያንን አየር ያወጣልዎታል። ልጅዎ እንዳይበርደው ልብስ ይደርቡለት፣ ኮፍያ ያድርጉለት፣ መስኮቱ ግን ይከፈት። እናንተ ሰፈር አቧራው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የአሸዋ ገልባጭ ሲያልፍ ይዝጉት፣ ካለፈ በኋላ ይክፈቱት። ቤት ውስጥ ደግሞ ከመንገዱ በተቃራኒ ያለውን መስኮት ይምረጡ። የጨርቅ ማስክ ትልልቁን አቧራ ይቀንሳል፣ ሳንባ ውስጥ የሚገባውን ደቃቁን ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ለአቧራም ብለው ለሕፃኗ አያስቡት።

ከአቧራው ይልቅ የሚያሳስበኝ ከሰሉ ነው። የቤት ውስጥ ጭስ በትንንሽ ልጆች ላይ የሳንባ ምችን አደጋ ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል። መብራት ሲጠፋ ከሰል ኮሪደር ላይ ይቀጣጠላል፣ ፍም ሲሆን ወደ ቤት ይገባል፣ ሕፃኗ ጀርባ ላይ ናት፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ጭስ ሲጠፋ አደጋው ያለፈ ይመስለናል። ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ሙሉ ይገድላል። የትኛውም ማስክ አያስቆመውም። ከሰል የሚነድበት ቦታ ክፍት ይሁን፣ ሕፃኗም ከዚያ ትራቅ። የኅዳር 12 የቆሻሻ ቃጠሎም ያው ነው። በ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲጨርስ ሰው መላ ፍለጋ ያጨሰው ነበር፤ የዚያን ጊዜውን ሰው ማን ይወቅሳል? ዛሬ ግን በሽታው ቫይረስ እንደነበር እናውቃለን። ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ጭስ አስም ያለበትን ልጅ ሌሊቱን ሐኪም ቤት ያሳድረዋል።

ልጆችዎ ምንም ቢያደርጉ ጉንፋን ይይዛቸዋል። ኬጂ የጀመረ ልጅ በዓመት ስድስት ስምንት ጊዜ ቢያስለው እንግዳ ነገር አይደለም። አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ከባለፈው የተረፈ አሞክሳሲሊን አይሠራለትም። ለ4 ዓመቱ ልጅ ሞቅ ያለ ነገር ከማር ጋር ሳሉን ያለዝብለታል። ለሕፃኗ ግን ማር አይሰጥም፤ 1 ዓመት እስኪሞላት በጭራሽ። «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ አይስሙ። እንጥል ማስቆረጥ ሳል አያድንም። ደም አፍስሶ፣ ቁስሉ አመርቅዞ የሞቱ ልጆች አሉ።

ሳሉ ተራ ጉንፋን መሆኑን ወይም ወደ ሳንባ ምች መሄዱን ቤት ሆነው መለየት ይችላሉ። ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ገልጠው ሙሉ 1 ደቂቃ ትንፋሹን ይቁጠሩ። ለ4 ዓመቱ 40 ወይም ከዚያ በላይ፣ ለ8 ወሯ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ሌሊትም ቢሆን ይውሰዱት። ባጃጅም ቢገኝ፣ ጎረቤት ቀስቅሰውም ቢሆን።

አሁን ወደ አማትዎ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ለቲቢ መመርመር አለበት። የእሳቸው ከወር አልፏል። ቲቢ አለባቸው እያልኩ አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን በማገዶ ጭስ ሲያበስሉ የኖሩ ሴት ሳንባቸው በጭሱም ሊጎዳ ይችላል፣ አስምም ሊሆን ይችላል። ግን ሳይመረመሩ የአየር ለውጥ ነው ተብሎ አይታለፍም። ቀን ሙሉ ሕፃን የሚያቅፉት እሳቸው ናቸውና።

ልጆች ቲቢ የሚይዛቸው ከኬጂ ጓደኛ አይደለም ማለት ይቻላል። ትንንሽ ልጆች አክታቸው ትንሽ ነው፣ ሳላቸውም ደካማ ነው፣ ለሌላ የማስተላለፍ ዕድላቸው አነስተኛ ነው። የሚይዛቸው አብሯቸው ከሚኖር፣ ከሚያቅፋቸው፣ አብሯቸው ከሚተኛ አዋቂ ነው። ከ5 ዓመት በታች፣ ይልቁንም ከ1 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀርሙ ከገባበት ቶሎ ይታመማል፤ ሕመሙም ወደ አንጎል ሽፋን ሊደርስ ይችላል። ሲወለዱ ክንዳቸው ላይ የሚሰጠው ክትባት ከእንዲህ ዓይነቱ ከባድ መልክ ይጠብቃቸዋል፣ ጨርሶ እንዳይያዙ ግን አያደርግም። እርስዎ ለሕፃኗ ማስክ ሲፈልጉ የከረሙት ምንጩ ምናልባት ቤት ውስጥ ሆኖ ሳለ ነው።

አማትን «ማስክ ያድርጉ» ማለት ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ንቀት ይመስላል። ቲቢ የሚለው ቃል ደግሞ ለእሳቸው ትውልድ የሚያስደነግጥ ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ ይናገሩ፤ እናታቸው ናቸው። «እማዬ፣ ሳልሽ ቆይቷል፣ እንታከም፣ እስከዚያ ለልጆቹ ስንል ይቺን አድርጊ» ቢሉ ይበቃል። ለማሳመን ከፈለጉ ሁላችሁም አዋቂዎች ቤት ውስጥ ለጥቂት ቀን አብራችሁ አድርጉ፤ ብቻቸውን የተለዩ አይመስላቸውም። ማስኩ ከፋርማሲ የሚገዛው፣ አፍንጫው ላይ የሚታጠፍ ሽቦ ያለው ይሁን። ሲረጥብ ይቀየር። ማታ ከልጆቹ ጋር አንድ አልጋ ላይ አይተኙ። የሚተኙበት ክፍል መስኮት ቀን ቀን ተከፍቶ ይዋል። ሳህንና ብርጭቆ መለየት አያስፈልግም፤ ቲቢ በዕቃ አይተላለፍም፣ እሳቸውንም ያለ ምክንያት ያሳዝናል። ምርመራው እስኪደርስ ሕፃኗን ሌላ ሰው ይያዝ። ሁለት ቀን ፈቃድ መውሰድ ቢኖርብዎ ለዚህ ይውሰዱ።

ውጤቱ ቲቢ ቢሆን ሕክምናው አለ፣ በነጻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል። መድኃኒቱን በትክክል ሲጀምሩ ወደ ሌላ የማስተላለፍ ዕድላቸው በሳምንታት ውስጥ በጣም ይወርዳል። ልጆቹም ይመረመራሉ። ያልታመሙት ትንንሾች እንዳይታመሙ የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ ጤና ጣቢያው ካልነገርዎ እርስዎ ይጠይቁ። ልጆቹ ደህና ስለሚመስሉ ብቻ ይህን አይተዉት።

ሰኞ ጠዋት ከኬጂው በፊት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። አማትዎ ታክሲው ውስጥ ማስክ አድርገው መስኮት ዳር ይቀመጡ። አክታ ሲጠየቁ ከጉሮሮ ሳይሆን ከውስጥ አስለው፣ ከሰው ራቅ ብለው ደጅ ላይ ያውጡ፤ ምራቅ ብቻ ከሆነ ምርመራው ላያገኘው ይችላል። የሕፃኗንም የክትባት ካርድ ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙ። እዚያው ሳሉ የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ያጽፉ።